ጎብሊን ሻርክ፦ ያነሰው ቁጥሩ ነው ወይስ መገናኛችን?

ስለ ጎብሊን ሻርክ የተጻፈውን ሰብስቦ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ያስተውላል። ታሪኩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚጀምረው ሌላ ነገር ፍለጋ ከወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሽሪምፕ ብሎ መረቡን ወደ ጥልቁ ጥሎ፣ ወይም ለሌላ ዓሣ ብሎ ባለ ብዙ መንጠቆ ገመዱን ዘርግቶ ሲስበው፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ቆዳው ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ሥጋው የላላ ፍጥረት ይወጣለታል። ሳይንስ ስለዚህ እንስሳ ከሚያውቀው አብዛኛው የተገኘው በዚህ መንገድ፣ በአጋጣሚ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄም ከዚሁ ይነሳል። ጎብሊን ሻርክ ከብርቅዬ ሻርኮች ተርታ ይመደባል። ብርቅ የሆነው ግን ቁጥሩ ስላነሰ ነው ወይስ እኛና እሱ የምንገናኝበት ቦታ ስለጠበበ? ቁጥሩ ያነሰ እንስሳ ፈጥኖ የሚደርስለት ጥበቃ ይሻል፤ የማይገናኙት እንስሳ ደግሞ አስቀድሞ ጥናት ይሻል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይ ያለምክንያት ይደነግጣል፣ ወይ ያለምክንያት ይረጋጋል። እስካሁን የተከማቸው መረጃ ወዴት እንደሚያደላ ለማየት ከመጀመሪያው ናሙና እንነሳ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የሳጋሚው ናሙና

ጎብሊን ሻርክ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባው በ1898 ነው። በጃፓን ዮኮሃማ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ነጋዴና የእንስሳት ናሙና ሰብሳቢ አለን ኦውስተን ከሳጋሚ ባሕረ ሰላጤ የወጣ አንድ እንግዳ ሻርክ እጁ ይገባል። ሻርኩ ለመራባት ያልደረሰ ወንድ ሲሆን ርዝመቱ 107 ሳንቲሜትር ነበር። ኦውስተን ለቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ለካኪቺ ሚትሱኩሪ ሰጠው፤ ሚትሱኩሪ ደግሞ ለአሜሪካዊው የዓሣ ተመራማሪ ለዴቪድ ስታር ጆርዳን አሳለፈው። ጆርዳን ከሚታወቁት ሻርኮች ጋር ቢያስተያየው የሚቀራረበው አጣ። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ አዲስ ቤተሰብ አቋቋመለት፤ ለሳይንሳዊ ስሙም የሁለቱን ሰዎች ስም አጣምሮ ሚትሱኩሪና ኦውስቶኒ አለው።

ብዙም ሳይቆይ ክርክር ተነሳ። በሊባኖስ ዓለቶች ውስጥ ከክሪቴሺየስ ዘመን የቀረ፣ ይህንኑ የመሰለ ረጅም አፍንጫ ያለው ስካፓኖሪንከስ የሚባል ሻርክ ቅሪተ አካል ቀደም ብሎ ተገልጾ ነበር። አንዳንዶች «ይህ ያው ነው፤ ጠፋ ያልነው እንስሳ በሕይወት ተገኘ» አሉ። አጽሙና ጥርሱ ቀስ እያለ ሲመረመር ግን ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሆነው ወገናቸው የተለያየ መሆኑ ተቀባይነት አገኘ። የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ወደ 125 ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፤ ዛሬ በሕይወት ያለው አባል ጎብሊን ሻርክ ብቻ ነው። «ሕያው ቅሪተ አካል» የሚለው ቅጽል የተለጠፈበትም ለዚህ ነው። ቅጽሉ እንስሳው በዚያ ሁሉ ዘመን አንዳች ሳይለወጥ ቆየ እንዳያሰኘን እንጂ፣ ከዘመዶቹ ሁሉ እሱ ብቻ መቅረቱን መግለጹስ እውነት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለጥያቄያችን የሚጠቅመው የናሙናው ዕድሜ ነው። ዝርያው ለዓለም የተዋወቀው በአንድ ጫጩት ነው። ከዚያ ወዲህ በጃፓን ውኃ የተያዙትም በብዛት ያላደጉ ናቸው። ያደጉት የት ናቸው የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮን አለ።

መኖሪያው፦ የተዳፋቱ ነዋሪ

የአህጉራት ጠርዝ ከባሕር ጥልቅ ወለል ጋር በአንድ ጊዜ አይገናኝም። መጀመሪያ ጥልቀት የሌለው ሜዳ አለ፤ ከ200 ሜትር ገደማ በኋላ መሬቱ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ጎብሊን ሻርክ የሚገኘው በዚህ ተዳፋት ላይ፣ ተዳፋቱን በሚሰነጥቁት የባሕር ሥር ሸለቆዎችና ከወለሉ በተነሱ የባሕር ውስጥ ተራሮች አካባቢ ነው። ብዙዎቹ የተያዙት ከ270 እስከ 960 ሜትር ባለው ጥልቀት ነው። ወደ 1,300 ሜትር የተጠጉም አሉ። በ1,370 ሜትር ጥልቀት በተዘረጋ የባሕር ሥር ገመድ ላይ ተሰክቶ የተገኘ ጥርሱ ደግሞ ከዚያም በታች እንደሚወርድ መስክሯል።

በዚህ ጥልቀት የፀሐይ ብርሃን ከሰማያዊ ጭላንጭል ያለፈ አይደለም፤ 1,000 ሜትር ላይ እሱም ያበቃል። የውኃው ግፊት በየ10 ሜትሩ በአንድ የከባቢ አየር መጠን ስለሚጨምር፣ 1,000 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ በባሕር ጠረፍ ላይ እኛ ከምንሸከመው 100 እጥፍ ገደማ ይሸከማል። ምግብም ከላይ የሚወርደው ተንጠባጥቦ ነው። ሻርኮች በአጠቃላይ ከ3,000 ሜትር በታች እንደማይገኙ በ2006 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት አሳይቷል፤ ተመራማሪዎቹ በምክንያትነት ያቀረቡትም የምግብ እጥረቱን ነው። ሻርክ ሰውነቱን ለማንሳፈፍ በዘይት የተሞላ ትልቅ ጉበት መያዝ አለበት፤ በዚያ ድሃ ወለል ላይ ይህን ዘይት የሚያጠራቅምበት ምግብ አያገኝም። እንግዲህ ጎብሊን ሻርክ በጥልቀቱ የታወቀ ይሁን እንጂ ከውቅያኖሱ አጠቃላይ ጥልቀት አንጻር የሚኖረው በላይኛው እርከን ነው።

በካርታው ላይ ሲታይ ስርጭቱ ሰፊ ነው። ከጃፓንና ከታይዋን ሌላ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በፖርቱጋልና በማዴይራ፣ በብራዚል፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በካሊፎርኒያም ዳርቻ ተይዟል። ሦስቱንም ትላልቅ ውቅያኖሶች ያዳርሳል ማለት ነው። ነገር ግን ነጥቦቹ በእኩል አልተበተኑም፤ ከሁሉም ቦታ የሚልቀው ጃፓን ነው። የሳጋሚና የሱሩጋ ባሕረ ሰላጤዎች ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳይርቁ በጣም ይጠልቃሉ፤ ሱሩጋ ብቻውን ወደ 2,500 ሜትር ይደርሳል። ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ አፍ የሚነሳም አንድ የባሕር ሥር ሸለቆ አለ። በእነዚህ ቦታዎች ዓሣ አጥማጁ ማለዳ ወጥቶ በዚያው ቀን ሊመለስ በሚችልበት ርቀት ላይ መረቡን ጥልቅ ውኃ ውስጥ መጣል ይችላል። ስለዚህ የጎብሊን ሻርክ ካርታ የሻርኩን ያህል የመረቡም ካርታ ነው።

የታይዋን ታሪክ ይህንን ያጠናክራል። በ2003 ከሰሜን ምዕራብ ታይዋን ዳርቻ፣ ከዚያ በፊት ይኖራል ተብሎ ከማይታሰብበት ሥፍራ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመቶ በላይ ጎብሊን ሻርኮች መያዛቸው ተዘግቧል። ጉዳዩ ቀደም ብሎ ከደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ተያይዞ ተነግሯል፤ ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው መምጣታቸው ግን አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። የማያጠራጥረው አንድ ነው፦ «የለም» በተባለበት ቦታ ከመቶ በላይ ነበሩ።

ለረሃብ የተሠራ ሰውነት

በሥዕል የሚታወቀው ጎብሊን ሻርክ መንጋጋው ወደ ውጭ የተወረወረ፣ ጥርሱ የገጠጠ አስፈሪ ፍጥረት ነው። ይህ መልክ በአብዛኛው የሞት መልክ ነው። በሕይወት ሲዋኝ መንጋጋው ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ፣ ከረጅሙ ጠፍጣፋ አፍንጫ በስተቀር ፊቱ ከሌሎች ሻርኮች ብዙም አይለይም። ሮዝማ ቀለሙም ቀለም ከመሆን ይልቅ የደሙ ጥላ ነው፤ ቆዳው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ይታያሉ። ከሞተ በኋላ ወደ ግራጫና ቡናማ ይለወጣል፤ በሙዚየም ማሰሮ ውስጥ ያየው ሰው ሮዝ መሆኑን ላያምን ይችላል።

በብዛት የሚታዩት ያደጉ ሻርኮች ከ3 እስከ 4 ሜትር ይረዝማሉ። በ2000 ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የወጣች አንዲት ሴት ግን ይህን ሚዛን አፈረሰችው። በተገኘው ማስረጃ ተሰልቶ ርዝመቷ ከ5.4 እስከ 6.2 ሜትር ተገምቷል። በ2014 ከፍሎሪዳ ኪ ዌስት ራቅ ብሎ ሽሪምፕ ያጠምድ የነበረ ጀልባ ደግሞ 5.5 ሜትር ገደማ የተገመተ ሌላ ጎብሊን ሻርክ አወጣ። አጥማጆቹ ፎቶ አንስተው ወደ ባሕሩ መለሱት። ከዚያ ባሕረ ሰላጤ በመዝገብ የተያዘ ሁለተኛው ነበር፤ በሁለቱ መካከል 14 ዓመት አለ።

ሥጋው የላላ ነው፣ አጽሙም በደንብ አልጠነከረም። ጉበቱ ከጠቅላላ ክብደቱ እስከ ሩብ ሊደርስ ይችላል። በጉበቱ ውስጥ ያለው ዘይት ከውኃ ስለሚቀል፣ ሻርኩ ብዙ ሳይቀዝፍ ባለበት መንሳፈፍ ይችላል። ጅራቱ ረጅምና ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ ክንፎቹም ትናንሽና ክብ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚነግሩን ዝግተኛ ዋናተኛ መሆኑን ነው። ምግብ በማይትረፈረፍበት ሥፍራ ጉልበት መቆጠብ ትልቅ ጥቅም አለው። ከሆዱ የተገኙት ዓሦች፣ ስኩዊዶችና የሸርጣን ወገኖች ግን ብዙዎቹ ከእሱ የሚፈጥኑ ናቸው። ዝግተኛ አዳኝ ፈጣን ታዳኝን እንዴት ይደርስበታል?

የመልሱ ግማሽ በአፍንጫው ውስጥ ነው። የአፍንጫው ቆዳ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እነዚህ የሎሬንዚኒ አምፑላዎች የሚባሉት የስሜት ሕዋሳት የሕያዋን ጡንቻ የሚያመነጨውን ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ያነባሉ፤ በጨለማ ውስጥ የተደበቀ ዓሣ እንኳ ልቡ እስከመታ ድረስ ከእነሱ አያመልጥም። ዓይኖቹ ትንንሽ ይሁኑ እንጂ ብሌናቸው እየጠበበና እየሰፋ ስለሚሠራ በእይታም እንደሚጠቀም ይገመታል።

ወንጭፉ

የመልሱ ሌላ ግማሽ መንጋጋው ነው። ተመራማሪዎች መንጋጋው እንደሚወረወር ከሞቱ ናሙናዎች ያውቁ ነበር። አወራወሩን በዓይን ለማየት ግን ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ። የጃፓኑ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ በ2008 እና በ2011 በሕይወት ያሉ ሁለት ጎብሊን ሻርኮችን ሲነክሱ ቀረጸ። በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲው ካዙሂሮ ናካያ የሚመራ ቡድን በፊልሙ ላይ የሚታዩትን አምስት ንክሻዎች ምስል በምስል እየቆጠረ ለክቶ ውጤቱን በ2016 አሳተመ።

ድርጊቱ በዝግታ ሲታይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አፉ ይከፈታል፤ የታችኛው መንጋጋ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አፉ እስከ 116 ዲግሪ ይሰፋል። ከዚያ በተወጠሩ ጅማቶች የተያዘው ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀቅና መንጋጋዎቹ ከራስ ቅሉ ተነጥለው ወደ ፊት ይወረወራሉ። ፍጥነታቸው በሰከንድ እስከ 3.14 ሜትር ይደርሳል። የሚወረወሩበት ርቀት ከሰውነቱ ርዝመት ከ8.6 እስከ 9.4 በመቶ ነው፤ 3 ሜትር ለሚረዝም ሻርክ ከ26 እስከ 28 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ልኬት ከተጠኑት ሌሎች ሻርኮች ከሁለት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። የፊት ጥርሶቹ ቀጫጭን፣ ረጃጅምና ሹል ስለሆኑ የደረሱበትን ይወጋሉ፤ የኋላዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ለመጨፍለቅ ይመቻሉ። ከነከሰ በኋላ መንጋጋው ወደ ቦታው ሲመለስ አፉ አንዴ ተከፍቶ እንደገና ይዘጋል። ይህች የመጨረሻ እንቅስቃሴ በሌሎች ሻርኮች ያልታየች ስትሆን ጥቅሟ ገና አከራካሪ ነው።

ናካያና ባልደረቦቹ ይህን ስልት የወንጭፍ አበላል ብለውታል፤ ስያሜው ልክ ነው። እረኛ በወንጭፍ ሲወረውር ራሱ አይሮጥም፤ ድንጋዩ ይሮጥለታል። ጎብሊን ሻርክም ሰውነቱን በሙሉ ከማስሮጥ ይልቅ መንጋጋውን ብቻ ይልካል። ላላ ሥጋ፣ ትልቅ ጉበትና ተወርዋሪ መንጋጋ የአንድ ኑሮ ሦስት ገጽታዎች ናቸው፤ ሁሉም የተቀረጹት ምግብ በማይበዛበት ሥፍራ ነው።

ስለ መራባቱ የምናውቀው

መረጃው ከሁሉ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። ጎብሊን ሻርክ የሚመደበው ነጭ ሻርክና ማኮ ሻርክ በሚገኙበት ክፍለ መደብ ነው። በዚህ ክፍለ መደብ ያሉት ሴቶች እንቁላል ባሕር ውስጥ አይጥሉም፤ ግልገሎቹ በማኅፀን ያድጋሉ፣ እናታቸው የምታመርታቸውን ያልተዳቀሉ እንቁላሎች እየበሉ ይፋፋሉ። ጎብሊን ሻርክም እንዲሁ ያደርጋል ተብሎ ይታሰባል፤ ይህን የሚያረጋግጥ ያረገዘች ሴት ግን ለረጅም ዘመን አልተገኘችም። በ2023 በታይዋን 4.7 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ በሆዷ ስድስት ግልገሎች የያዘች ሴት በጎታች መረብ መውጣቷ ሲዘገብ የሻርክ ተመራማሪዎችን ያስደነቀው ለዚህ ነበር።

በመዝገብ ያለው ትንሹ ጎብሊን ሻርክ 82 ሳንቲሜትር ነው፤ ሲወለድም ከዚህ ብዙ እንደማያንስ ይገመታል። ወንዶች ለመራባት የሚደርሱት 2.6 ሜትር ገደማ ሲሆኑ ነው። የአከርካሪ አጥንት ቀለበቶችን በመቁጠር የተሠራ የመጀመሪያ ደረጃ ግምት ወንዱ ለመራባት የሚደርሰው በ16 ዓመቱ ገደማ እንደሆነና ዕድሜውም እስከ 60 ዓመት ሊደርስ እንደሚችል ያመለክታል። ቁጥሩ ወደፊት ቢሻሻል እንኳ አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ ዘግይቶ የሚወልድ፣ ጥቂት የሚወልድ፣ ረጅም የሚኖር እንስሳ ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ ባልተነካበት ቦታ ለዘመናት ይጸናል፤ አንዴ ከተመናመነ ግን ቶሎ አያገግምም።

በእንክብካቤ ቦታ ይዞ ማጥናትም አልሆነም። በ2007 ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ በሕይወት ተይዞ ወደ ቶኪዮ የባሕር ሕይወት ፓርክ የተወሰደው 1.3 ሜትር የሚረዝም ጎብሊን ሻርክ ሁለት ቀን ብቻ ቆየ።

የአናፊው «ሻርክ»

ማስረጃ ሲሳሳ ምን እንደሚከተል አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያሳያል። በ2022 አንድ የሳይንስ መጽሔት ጎብሊን ሻርክ በሜድትራንያን ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ የሚል ዘገባ አወጣ። ማስረጃው በ2020 በግሪኳ የአናፊ ደሴት ዳርቻ የተነሳ አንድ ፎቶ ነበር፤ በጠጠር ላይ የተጋደመ ትንሽ ጎብሊን ሻርክ ይታያል። ናሙናው ራሱ አልተሰበሰበም። ሌሎች የሻርክ ባለሙያዎች ፎቶውን ሲያዩ የጅራቱ ቅርጽ፣ የጥርስ አለመታየት፣ የመተንፈሻ ስንጥቆቹ ቁጥርና የክንፎቹ ውፍረት አላሳመናቸውም። ፍጥረቱ በገበያ ከሚሸጥ የላስቲክ አሻንጉሊት ጋር በጣም ይመሳሰላል አሉ። የዘገባው ጸሐፊዎች በ2023 መልሰው ሳቡት።

ነገሩ ለብዙዎች መሳቂያ ሆነ። ለእኛ ጥያቄ ግን ፍሬ አለው። ዕይታው በቁጥር በጣም ትንሽ የሆነ እንስሳ ላይ አንድ ነጥብ መጨመር ወይም መቀነስ የዓለምን ካርታ ይለውጣል። ለሰርዲን አንድ የተሳሳተ ፎቶ ምንም አያመጣም፤ ለጎብሊን ሻርክ አንድ ሙሉ ባሕር ያስጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ናሙና፣ ልኬትና ጥርት ያለ ፎቶ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ባልተሟላበት ሁኔታ «የለም» ማለትም «አለ» ማለትም እኩል ደካማ ናቸው።

ስጋት አለበት?

የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጎብሊን ሻርክን የሚመድበው «አነስተኛ ስጋት ያለበት» በሚለው ተርታ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ስርጭቱ ሰፊ ነው፤ የሚያዘውም በጥቂቱና በአጋጣሚ ነው። በብዛት የሚያዙት ያላደጉት መሆናቸው ደግሞ ያደጉት መረብ ከማይደርስበት ውኃ ውስጥ እንዳሉ ያስገምታል። ሥጋው ብዙ ፈላጊ የለውም፤ መንጋጋውን የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች ግን አሉ። ሰውን የሚያሰጋ እንስሳም አይደለም።

ምደባው ባለው መረጃ ልክ ምክንያታዊ ነው። የቆመበት ምሶሶ ግን መረቡ የሚደርስበት ጥልቀት ነው፤ ያ ጥልቀት ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሲጨምር ኖሯል። በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከጥልቅ ውኃ ሻርኮችና ሬይ ዓሦች ከሰባት አንዱ የመጥፋት ስጋት እንዳለበት ገልጿል፤ ዋናዎቹ ምክንያቶችም ለሥጋና ለጉበት ዘይት የሚደረግ ዓሣ ማጥመድ ናቸው። ከእነዚህ ሻርኮች ጉበት የሚወጣው ስኳሊን የተባለው ዘይት ለመዋቢያ ቅባቶች ይፈለጋል። ጎብሊን ሻርክ የዚህ ንግድ ዋና ዒላማ አይደለም፤ የዒላማዎቹ ጎረቤት ግን ነው። አንድ መረብ አንዱን ዝርያ መርጦ ሌላውን አይተውም።

ጥልቀትን በሕግ መገደብ እንደሚቻል የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በሜድትራንያን ከ2005 ጀምሮ ከ1,000 ሜትር በታች በመረብ የባሕር ወለል መጥረግ ተከልክሏል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ውኃዎቹ ከ800 ሜትር በታች በወለል የሚጎተት መረብን ከልክሏል። እነዚህ ሕጎች የወጡት ለጎብሊን ሻርክ ተብሎ አይደለም። የአትላንቲኩ ሕግ የተዳፋቱን የታችኛውን ክፍል ስለሚሸፍን ግን ለእሱም ይተርፋል።

ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

የተሰበሰበው መረጃ በጥቅሉ የሚያደላው ወደ ሁለተኛው መልስ ነው፤ ያነሰው መገናኛችን ነው። ሦስት ውቅያኖሶችን የሚያዳርስ ስርጭት፣ በታይዋን ድንገት የታዩት ከመቶ በላይ ሻርኮች፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እስከ 2014 ሁለት ጊዜ ብቻ የታዩት ግዙፍ አዋቂዎች፣ ጥልቅ ውኃ ለዓሣ አጥማጅ ቅርብ በሆነበት በጃፓን የበዙት ጫጩቶች፣ ሁሉም ወደዚያው ይጠቁማሉ። ቁጥሩ ብዙ ነው ለማለት ግን ይህ አይበቃም። ለዝርያው የተሠራ ቆጠራ በሌለበት ከሁለቱ አንዱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። የጥልቅ ባሕር ሻርኮች ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ቢጠፉም የሚናፍቃቸው ሰው አይኖርም። ስለዚህ «አነስተኛ ስጋት» የሚለው ምደባ መንግሥታትን እንዲያርፉ ሳይሆን መዝገባቸውን እንዲያሟሉ ሊያነሳሳ ይገባል። የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም፦ በጥልቅ ውኃ በሚሠሩ መርከቦች ላይ የሚይዙትን ሁሉ በዝርያ፣ በርዝመት፣ በፆታና በጥልቀት የሚመዘግብ ታዛቢ ማስቀመጥ፣ በሕይወት የወጣውን ለክቶና ፎቶ አንስቶ መመለስ፣ የሞተውን ለሙዚየም ማስረከብ። የባሕር ሥር ካሜራና በውኃ ውስጥ የሚቀረውን የዘረመል ፍንጭ ማንበብ የቀረውን ይሞላሉ። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አጋጣሚ ያስተማረን ይህን ያህል ነው። ጎብሊን ሻርክ ብርቅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው መረቡ የሚደርስበት ጥልቀት ከዚህ የበለጠ ከመጨመሩ በፊት ቆጠራው ከቀደመ ብቻ ነው።